ጌታ ይመስገን፣ ጎረቤቶቻችን ይቀኑብናል

ባለፈው ሳምንት ከዲላ ገበያ ወደ ቤቴ ያመጣችኝ ባጃጅ ከኋላ መስታወቷ ላይ በትልቁ «ምቀኞቼ፣ እንዴት ናችሁ?» ተብሎ ተጽፎባታል። እንዴት እንዳሳቀኝ! ሾፌሩ ልጅ ዞር ብሎ «ምነው እማማ?» ቢለኝ፣ «ተወኝ ልጄ፣ እኔና ምቀኛ የቆየ ትውውቅ አለን» አልኩት።

ትውውቁ የጀመረው አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ዲላ ቤት ተከራይቼ እየተማርኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ወናጎ፣ ወላጆቼ ዘንድ እሄዳለሁ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ቁጥብ ሰው። ሴት ልጁ ብቻዋን ከተማ መቀመጧ ስላልተዋጠለት አንድ ቀን ቁርጡን ነገረኝ።

«የቡና ማኅበራችን ለውጭ ገዢ ደብዳቤ ሊልክ ነው። በእንግሊዝኛ አንቺ ጻፊው። ትምህርትሽ ለሰፈር ከጠቀመ ትቀጥያለሽ፤ ካልጠቀመ ግን ጠቅልለሽ ትገቢያለሽ።»

ወይ ጣጣ! ስጽፍ ስሰርዝ ሰነበትኩ። መምህራችን ያስተማሩን አንድ አባባል ነበር፤ እንግሊዞች አንድን ነገር ከልብ ሲያወድሱ «የጎረቤት ሁሉ ቅናት ነው» ይሉታል። በጣም ወድጄው ስለነበር «ቡናችን የጎረቤቶቻችን ሁሉ ቅናት ነው» ብዬ ደብዳቤዬን ቋጨሁ።

ቅዳሜ የማኅበሩ አባላት ቡና ማጠቢያው ጣቢያ፣ ዳስ ሥር ተሰበሰቡ። ኅዳር ነበር። የተፈለፈለው ቡና ልጣጭ ጎምዛዛ ሽታ አካባቢውን ሞልቶታል፤ ቆጮ በጎመን ቀርቦልናል። መስመር በመስመር እያነበብኩ ስተረጉምላቸው ራሳቸውን በእሺታ ይነቀንቃሉ። መጨረሻዋ መስመር ላይ ስደርስ ግን እርስ በርስ ተያዩ።

ሊቀመንበሩ አቶ ዱካሌ ሊጎርሱ የነበረውን ቆጮ መልሰው አስቀመጡ። «ቅናት? በቡናችን ላይ ምቀኛ ልትጠሪብን ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ እኮ ምስጋና ነው።»

«የሰው ዓይን እንግሊዝኛ አያውቅም! አውጪው፤ አለዚያ ደብዳቤው ይቅር።»

አባቴን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። ዲላ ከእጄ ስታመልጥ ታየኝ። መሰረዝ እችል ነበር፤ ግን ያቺ መስመር ከወጣች የቀረው ማንም ጸሐፊ የሚጽፈው የቢሮ ደብዳቤ ነው። ንዴቴ መጣ። ዓይኔን ሳነሳ በመንገዱ በኩል ባሉት የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ላይ ሊደርቅ የተሰጣውን ምርጡን ቡናችንን አየሁት፤ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኗል።

«ታዲያ ያንን በጠራራ ፀሐይ የሸፈናችሁት ከማን ነው?» አልኩ። «ወደ ፍስሐ ገነት ከተማ የሚሄድ መኪና ባለፈ ቁጥር እየሮጣችሁ ቅጠል የምታለብሱት ሰው እንዳይቀና አይደል? እናንተ በቅጠል ያላችሁትን ነው እኔ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት!»

ድፍረቴ ራሴኑ አስደነገጠኝ። ቀድሞ የሳቀው አባቴ ነው፤ ከዚያ ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ዱካሌም ሳቃቸው እያመለጣቸው «እሺ፣ ይሁን። ግን ከፊቱ ጌታ ይመስገን የሚል ይግባበት» አሉ። በዚያው ስምምነት ደብዳቤው ሄደ።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ገዢው ራሱ አስተርጓሚ ይዞ መጣ። ከመኪናው እንደወረደ ደብዳቤዬን ከኪሱ አውጥቶ «ጌታ ይመስገን፣ ጎረቤቶቻችሁ የሚቀኑበት ቡና የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀ። አቶ ዱካሌ ቅጠሉን በገዛ እጃቸው ገፈው «ይኸው!» አሉ፤ እንደዚያ ኮርተው አይቻቸው አላውቅም። ሰውየው ቡናውን ቀመሰ፣ ወደደ፣ ገዛ። 

ወደ ቤት ስንመለስ ያ ቁጥብ አባቴ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ «ደብዳቤውን የጻፈችው ይቺ ናት» ይላል። ወዲያው ደግሞ ቀስ ብሎ «ጌታ ይባርካት» ይጨምርበታል። ሰኞ ዲላ ድረስ እሱ ራሱ አደረሰኝ። ጡረታ እስክወጣ እዚሁ ዲላ እንግሊዝኛ አስተማርኩ።

ባጃጇ ደጄ ላይ ስትቆም ይህን ሁሉ ለልጁ አጫወትኩት። «አንተም ከፊቱ ጌታ ይመስገን በልበት» አልኩት።

«ቦታ የለውም እኮ፣ እማማ!»

«ይገኝለታል።»

ትናንት ባጃጇ በሰፈራችን ስታልፍ አየኋት። ከጽሑፉ በላይ፣ መስታወቱ ጠርዝ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል አስገብቶታል። ኮራሁ፤ ጌታ ይመስገን።