የበርበሬው መጋዘን ቡድን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሲጫወት ለማየት ወልቂጤ ሄጄ ነበር። አሰልጣኙ ከዳር ቆሞ «አውሩ እንጂ! ዝም ብላችሁ እንዴት ትጫወታላችሁ?» እያለ ይቆጣቸዋል። እኔ ሳቄ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ አየኝ፤ ምን ብዬ ላስረዳው? በወጣትነታችን በዚያችው ከተማ አንድ ዋንጫ ወስደናል፤ የወሰድነውም ዝም ብለን ነው።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ቡታጅራ ክረምት ሲገባ ሜዳችን ጭቃ ይሆንና ኳስ እስከ መስከረም ትረሳለች። በዚያ ዓመት ግን የአካባቢው የወጣቶች ኮሚቴ የቤት ውስጥ ውድድር አዘጋጀ፤ ቡታጅራ፣ ወልቂጤ፣ እንሴኖና ጉብሬ አምስት አምስት ተጫዋች ይዘው የሚገናኙበት። ሌሎቹ አዳራሽ ነበራቸው። እኛ ያገኘነው የሐጂ ሸረፋን የበርበሬ መጋዘን ነው።

«በርበሬዬ ኅዳር ላይ ይገባል» አሉ ሐጂ፣ ቁልፉን ለአሰልጣኛችን ሲሰጡ። «እስከዚያ ኢንሻአላህ ተጫወቱበት። ብቻ ግድግዳዬን እንዳታፈርሱት።»

አሰልጣኛችን ቲቸር አየለ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ከጎጃም ተመድበው መጥተው ቡታጅራን ወደው የቀሩ። መጋዘኑን ከእኛ ጋር ሦስት ቀን ጠረጉ፣ ውሃም ረጩ። ምንም አልረዳም። የስንት ዓመት የበርበሬ ብናኝ ከግድግዳውና ከወለሉ ስንጥቅ አልወጣ አለ፤ ኳሷ በነጠረች ቁጥር ይነሳል። እኔ በረኛ ነበርኩ፤ የበረኛ ሥራ ደግሞ ግማሹ ጩኸት ነው። በመጀመሪያው ልምምድ አጥቂያችንን «ኑረዲን፣ ተመለስ!» ልል አፌን ስከፍት ጉሮሮዬ ተቃጠለ። እያሳልኩ ሳለ ጎል ገባብኝ።

በማግስቱ ቲቸር አየለ «በቃ፣ አፉን የሚከፍት ይወጣል» አሉ። እኛም በምልክት መግባባት ጀመርን። ጆሮ ማከክ «ከጀርባቸው ልሮጥ ነው» ማለት ሆነ፤ አንገትጌ መጎተት «መልስልኝ»። መጀመሪያ ላይ እንደ ቀልድ ነበር የያዝነው። ወር ሳይሞላ ግን አንዳችን የሌላውን ዓይን አይተን ሐሳቡን እናውቅ ጀመር። እንግዶቻችን በበኩላቸው ገና ሲገቡ ያስነጥሳቸዋል፣ ዓይናቸው ይቀላል። በመጋዘናችን ሦስቱንም ቡድኖች አሸነፍን።

ወልቂጤዎች ከሰሱን። «እነሱ ሳይሆኑ በርበሬው ነው ያሸነፈን» አሉ። ኮሚቴው ደግሞ ሰማቸውና በመጋዘኑ ያገኘነውን ነጥብ ሁሉ ሰረዘ። እንሴኖና ጉብሬ ሄደን ያሸነፍነው ብቻ ቀረልን። የመጨረሻው ጨዋታ ወልቂጤ ላይ ነበር፤ ካሸነፍን ዋንጫው የእኛ ነው፣ አቻ ከወጣን የእነሱ። እውነቱን ለመናገር ዋንጫው አልነበረም ያንገበገበኝ። ገበያ በወጣሁ ቁጥር ልጆች ያስነጠሳቸው እያስመሰሉ ያሾፉብኝ ነበር።

በጨዋታው ዋዜማ በአይሱዙ ተጭነን፣ በሆሳዕና ዞረን ተጓዝን። ጉንችሬ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲልልን ወርደን ቆጮ በአይብና በጎመን በላን። እንሰቱ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ወትሮ ሳያስቀን የማይውለው ኑረዲን ምግቡን እንኳ በቅጡ አልነካም።

«ነገ ከተሸነፍን ዕድሜ ልካችንን የሚሉን እሱኑ ነው» አለኝ።

«ምኑን?»

«በርበሬ ነው ያጫወታቸው።»



የወልቂጤው አዳራሽ ሲሚንቶ ወለል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው። ሕዝቡ መስኮቱ ላይ ሳይቀር ተንጠላጥሏል። ንጹሕ አየር ስናገኝ እግራችን ቀለለን፤ እነሱም ግን ጎበዞች ነበሩ። ሁለት ለሁለት ሆነን ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ከሕዝቡ ጩኸት ጋር ተደባልቆ ጆሮ አደነቆረ። ያን ጊዜ ወልቂጤዎች ተደናበሩ። አንዱ ይጣራል፣ ሌላው አይሰማም፤ ሁለቱ ለአንድ ኳስ ሮጠው ይጋጫሉ። እኛ ምን ቸገረን? ክረምቱን ሙሉ ሜዳ ላይ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ከባድ ኳስ በደረቴ ያዝኩ። ቀና ስል ኑረዲን መሐል ሜዳ ላይ ተረጋግቶ ጆሮውን ያካል። ከተከላካዩ ጀርባ በእጄ ወረወርኩለት። የእነሱ በረኛ አይቶታል፤ «ከኋላህ ነው!» ብዬ ጮኼ ነበር ሲል በኋላ ነግሮኛል። ተከላካዩ ግን እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን?» አለው። ዞር ሲል ኳሷ መረብ ውስጥ ነበረች።

ፊሽካው ሲነፋ ኑረዲንን አቅፌ አለቀስኩ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ አንዲት ፍሬ በርበሬ አልነበረችም። የወልቂጤው አምበል መጥቶ እጄን ጨበጠና «ዛሬስ በምን እናሳብብ?» አለኝ፤ እየሳቀ ነው፣ ከልቡ ነው። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ኅዳር ላይ የሐጂ በርበሬ ገባ። ጆንያዎቹን ተሸክመን ያስገባናቸው እኛው ነን፤ ቡድናችን በዚያው አበቃ። በዓመቱ ኮሚቴውም ተበተነ፤ ውድድሩ ዳግም አልተካሄደም።

አሁን ሰዎች ቡድናችሁ ስንት ዓመት ቆየ ሲሉኝ «አንድ ክረምት» እላለሁ። ያዝኑልኛል። የማያውቁት ነገር አለ፦ ዋንጫውን እስከ ዛሬ የነጠቀን የለም። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እያስቸገረው፣ ፀጉሬ እየሳሳ፣ ይኸው አሁንም ሻምፒዮን ነኝ።