የመዘንኩላቸው ጾም

መካነ ሰላም ባስተማርኩበት በሁለተኛው ክረምት፣ ቤት ያከራዩኝ እናት ለፍልሰታ ሱባኤ ሊገቡ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ፍልሰታ ከነሐሴ መባቻ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ያህል ይጾማል። ሱባኤ የሚገባ ሰው ቤቱን ትቶ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጎጆ ይይዛል፤ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አይቀምስም፤ ከዚያም በኋላ የሚበላው ጥሬ ወይም በሶ ነው። እሳቸው ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አንድም ዓመት አጓድለው አያውቁም። በዚያ ዓመት ግን ስኳር በሽታ ተገኝቶባቸው ክኒን ጀምረው ነበር።

«የንስሐ አባቴ ዘንድሮ ይቅርብሽ ብለውኛል» አሉኝ። «ቤትሽ ሆነሽ ጸልዪ፣ የምትችይውን ያህል ብቻ ጹሚ ነው የሚሉት። አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ምን ትላለህ?»

የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። ሰው ከልክሎ ከማስቀረት በጤና እንዴት እንደሚጾም ማስተማር ይሻላል ብዬ አምን ነበር።

«በሥርዓት ከሆነ ይቻላል» አልኳቸው።

ሙስሊሟ ጎረቤታችን በአጥሩ ማዶ ሆነው ይሰሙ ነበር። እሳቸውም ስኳር አለባቸው።

«እኔን ሸሁ አፍጥሪ ሲሉኝ አፈጠርኩ፤ በጾሜ ፈንታ ምስኪን አበላሁ። አንቺ ቄሱን ትተሽ አስተማሪ ትጠይቂያለሽ?»

«አንቺማ ድሮም ሆድሽን ትወጃለሽ» አሏቸው አከራዬ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሚዛን ተውሼ በሶውን፣ የሽምብራ ቆሎውንና የተልባ ዱቄቱን ለየቀኑ ከፋፍዬ በፌስታል ቋጠርኩላቸው። ክኒኑን ግን እንደለመዱት ጠዋት ጠዋት እንዲውጡ ነገርኳቸው። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። ይህ ክኒን ምግብ ኖረም አልኖረም የደምን ስኳር ያወርዳል፤ ጠዋት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አለመቅመስ ደግሞ አደገኛ ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ ብጠይቅ አንዲት ነርስ በአፍታ ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩም። ማስረዳት እንጂ መጠየቅ አልለመድኩም።

አንድ ጥንቃቄ አድርጌያለሁ፤ ስኳር በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

«እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ላብ ካጠመቀዎ ይህን ይላሱ።»

«ከቅዳሴ በፊትም ቢሆን?»

«ከቅዳሴ በፊትም ቢሆን።»

ወረቀቱን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ይህን እንደ እሺታ ወሰድኩት።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከእኩለ ቀን ጥቂት አለፍ ሲል፣ አንዲት ሱባኤተኛ ሴት ነጠላዋ በዝናብ ርሶ በሩን አንኳኳች። «የቤትህ እመቤት አልነቃ ብላናለች» አለችኝ። በጭቃው ውስጥ እየሮጥን ሄድን።

ጎጆው ውስጥ ሴቶች ከበው ጠበል ይረጯቸዋል። አንገታቸው በላብ ርሷል፤ ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

«ከጠዋት ጀምሮ ፈዛ ነበር። በጸሎት ተመስጣ ነው ብለን አልነካናትም።»

«ስኳሩስ?»

«አንዲት የታመመች መነኩሲት ነበረች፤ በሶ በጥብጣ የሰጠቻት በዚያ ስኳር ነው።»

«የቋጠርኩላቸው ምግብስ?»

ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ አየችኝ። «ለሁላችን አካፈለችው እንጂ። ሱባኤ ገብቶ ለብቻው የሚበላ ሰው አለ እንዴ?»

እሳቸው ዘጠኙን ቀን ያሳለፉት በእፍኝ ጥሬ ነበር። ክኒናቸውን ግን በየማለዳው ውጠዋል፤ አስተማሪው ብሏልና።

ስኳር አምጡልኝ ስል ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ገና አልተቀደሰም። በዚህ መካከል የንስሐ አባታቸው ጎንበስ ብለው ገቡ። አንድ ጊዜ አይተዋቸው «ማር» አሉ። ማሩ ሲመጣ በጣታቸው ዝቀው ራሳቸው ድዳቸውን ቀቧቸው። «በእኔ ይሁን» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ወደ እኔ አልዞሩም።

በቃሬዛ ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናቸው። ግሉኮስ ተሰጥቷቸው አመሻሹ ላይ ዓይናቸውን ከፈቱ። ሐኪሙ ግን አእምሮ ያለ ስኳር ብዙ ሰዓት መቆየት እንደማይችል ነገረኝ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ መራመድ ይችላሉ፤ ቃላቸው ግን ጠፍቷል። ማንኪያ ሲሰጧቸው ይይዙና ወዴት እንደሚወስዱት ይጠፋቸዋል። ጎረቤታችን በየቀኑ እየመጡ ያጎርሷቸዋል፤ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሏቸዋል። አከራዬ እኔን ሲያዩኝ እንደ እንግዳ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱኛል።

ጾሙ በተፈታ በሳምንቱ ልጃቸው ልትወስዳቸው ከከላላ መጣች። ዕቃቸውን ጠቅልላ ስትጨርስ በረንዳው ላይ እናቷን አስቀምጣ ጫማ ታጠልቅላቸው ጀመር።

«ቄሱ ከልክለዋት ነበር አሉ» አለች ቀና ሳትል። «ታዲያ ሂጂ ያላት ማን ነው?»

ጎረቤታችን መሬት መሬት ያዩ ነበር። እሳቸው ያውቃሉ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

እጇ ቆመ። እኔም ስለ ክኒኑ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ምግቡን እንዴት እንዳሰላሁት፣ የት ላይ እንደተሳሳትኩ በቅደም ተከተል ማስረዳት ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አልተቆጣችም። እናቷ እግራቸውን ማስገባት እንዳለባቸው አልገባቸውም፤ ባነሳችላቸው ቁጥር መልሰው መሬት ያሳርፉታል።

«ያን እግሯን ያዝልኝ» አለችኝ።

ተንበርክኬ ያዝኩላት።