የጋሽ ከፈለኝ ጣልያንኛ

ሚዛን አማን ውስጥ ጣልያንኛ የሚችል ሰው ቢፈለግ ሁሉም የሚጠራው ጋሽ ከፈለኝን ነው። ጉድ እኮ ነው! እኔ አማረች የአጥር ጎረቤታቸው ነኝ፤ ጣልያንኛቸው ከ«ቻው» እንደማያልፍ አሳምሬ አውቃለሁ። ብናገርም የሚሰማኝ የለም።

በወጣትነታቸው ጅማ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ይቆርጡ ነበር። ጥቁርና ነጩን የጣልያን ፊልም የወደዱት፣ ኮትና ሱሪ አሳምሮ መልበስንም የተማሩት ያኔ ነው። ወደዚህ ከመጡ በኋላ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማይክ ይዘው ፊልም ሲተረጉሙ ኖሩ። የህንዱንም፣ የቻይናውንም፣ የጣልያኑንም እኩል ይተረጉሙታል፤ የተዋናዩ አፍ ከተንቀሳቀሰ ለእሳቸው በቂ ነው። ጀግናው ሲናደድ በቤንችኛ ይሳደባል፤ ሰው በሳቅ ይሞታል። ሚስታቸው እትዬ ማናልሞሽ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ።

ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ። የሰፈራችን ልጅ ሣራ ግን ሆቴሏን ስትከፍት «ጋሼ፣ በዓመት አንዴ የጣልያን ምሽት እናድርግ፤ ፊልሙን እርስዎ ይተረጉሙልናል» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው በዓመት አንድ ቀን ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ በቦት ጫማ ጭቃውን አቋርጦ ይመጣና በር ላይ በቆዳ ጫማ ይቀይራል። ኮክቴሉን የምሠራው እኔ ነኝ፤ አናናስ፣ ዝንጅብል፣ የጫካ ማር፣ ትንሽ ኮረሪማ። ለሚጠጣ ጂን ጠብ አደርግበታለሁ፤ ለጴንጤ ጎረቤቶቼ ግን ያለ ጂን ነው። ብርጭቆ ባቀያይርማ ጉዴ ይፈላል!

እትዬ ማናልሞሽ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከቤት መውጣት እርም ብለው ነበር። «ሰው በሳቀ ቁጥር ምን ሆነ እያልኩ ልጠይቅ?» ይላሉ። ጋሽ ከፈለኝ ስንት ቀን ለመኗቸው። ለዘንድሮው ምሽት ግን እንዲህ ሲሏቸው በአጥሩ በኩል ሰማሁ፦ «አንድ ቀን ብቻ ነይልኝ። ሁሉንም እኔ እነግርሻለሁ። ደስ ካላለሽ ሁለተኛ ውጪ አልልሽም።» እሺ አሉ። ጋሽ ከፈለኝ በደስታ ግራጫ ሱፋቸውን ሲተኩሱ ዋሉ።

ሣራ ክፉ ልጅ አይደለችም። ግን ምሽቱ ደርሶ ሆቴሏ በር ላይ፣ የሚስታቸውን ክንድ ይዘው እንደቆሙ፣ ምን ብትላቸው ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ዘንድሮ እረፍት ነው! ከሥሩ በአማርኛ የተጻፈበት ፊልም አግኝቻለሁ። ኮክቴልዎን ይዘው ቁጭ ይበሉ።» ጋሽ ከፈለኝ «ተባረኪ» ብቻ አሉ።

ፊልሙ ጀመረ። አንድ ባርኔጣ ሰፊና ሚስቱ ሲጣሉ፣ ሲታረቁ፣ ደግሞ ሲጣሉ ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ያነባል። ሳል እንኳ የለም። እትዬ ማናልሞሽ ትንሽ ቆዩና ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ሊነሱ እንደሆነ ገባኝ፤ ከተነሱ ደግሞ ሁለተኛ አይወጡም። ጋሽ ከፈለኝ ደንግጠው ጎንበስ አሉና የሚስታቸው ጆሮ ላይ አንሾካሾኩ። እትዬ ማናልሞሽ ፍርፍር ብለው ሳቁ።

እኔ ዝም ማለት መቼ አውቃለሁ! «ለእሳቸው ብቻ ነው እንዴ? እኛስ?» ብዬ ጮህኩ። ባለባጃጁ ከድር ከኋላ «ማይኩን ስጧቸው!» አለ። ሣራ ፊቷ ቀልቶ ማይኩን አመጣች።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! ባርኔጣ ሰፊው በቤንችኛ ተሳደበ። ሚስቱ የቴፒ ገበያን የቲማቲም ዋጋ እያነሳች አማረረች። ጽሑፉ ሌላ ይላል፣ ጋሽ ከፈለኝ ሌላ ይላሉ፤ ማንም ግድ አልሰጠውም። ሣራ ራሷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ባቡር ተሳፈረች። ከሥር «አልመለስም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ባቡሩ ጮኾ ሄደ፤ ሰውዬው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ብቻውን ቀረ።

ጋሽ ከፈለኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አለችው» አሉ።

ዞሬ ሰዉን አየሁ። ሁሉም አንብቧል። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔም፣ ሰው ሲሳሳት ምላሴን የሚበላኝ ሴትዮ፣ አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ባቡሩ ሲሄድ ሰማሁ እኮ» አሉ እትዬ ማናልሞሽ።

«አውርዷት ነው የሄደው።»

«አሁን የት ናት?»

«ይኸው፣ ክንዱን ይዛ ቆማለች።»

እትዬ ማናልሞሽ በዳበሳ የጋሽ ከፈለኝን ክንድ ፈልገው አገኙና ያዙ። «እሰይ! ለከርሞም አምጣኝ» አሉ።

ሣራ መብራቱን ልታበራ እጇን ዘርግታ ነበር። እጇን ያዝኳትና «ትንሽ ይቆይ» አልኳት።