የእማማ ዘውዴ ቁና

ገብስ ቁና ውስጥ ሲፈስ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣብኛል። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ያለውን ይመስላል፣ ግን ከዝናብ ይልቅ ደረቅ ነው፤ መጀመሪያ ይንሿሿል፣ ቁናው እየሞላ ሲሄድ እየታፈነ ይመጣና አፉ ላይ ሲከመር ቀስ ብሎ ዝም ይላል። እዚህ ባለሁበት አረብ አገር ገብስ የሚሰፍር ሰው የለም። ሆኖም የአሠሪዎቼን ሳሎን እየወለወልሁ ሳለሁ ከኋላዬ ካለው ክፍል ይሰማኝና፣ መወልወያውን እንደያዝሁ ቀጥ ብዬ፣ ድምፁ እስኪያልቅ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ። ሲሰፈር እንዳይወራ ያስተማሩኝ እማማ ዘውዴ ናቸው።

ያደግሁት ንፋስ መውጫ ከተማ ነው። አባቴን አላውቀውም፤ እናቴ ሙሉ ትባላለች፣ የሰው ቤት እያጸዳች ነበር ያሳደገችኝ። ከምታጸዳቸው ቤቶች ትልቁ የእማማ ዘውዴ ቤት ነበር። እማማ ዘውዴ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ሲሆኑ፣ ቤቱን ያሠራችላቸው አንዲት ልጃቸው አስናቀች ናት፣ አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ በላከችው ገንዘብ። የእናቴን ደመወዝ ግን የሚከፍሉት እሳቸው ነበሩ፣ የሚከፍሉትም በገብስ ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጓዳ ገብተው፣ ቁናውን ከተሰቀለበት አውርደው፣ ሁለት ቁና ከምረው ይሰፍሩላት ነበር። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ በራፉ ላይ ትቆማለች፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ ከኋላዋ እቆማለሁ፣ ማናችንም ቃል አንተነፍስም፤ ሲሰፈር ከተወራ በረከቱ ይሸሻል ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ አስነጠሰኝና የሰፈሩትን ገልብጠው እንደገና ከሀ ጀመሩ። ሲጨርሱም «ዝምተኛ ናት ስትይኝ አምኜ ነበር፣ ለካ የምታወራው በአፍንጫዋ ነው» ብለው እናቴን አሳቋት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ በራፍ ላይ ስቆም አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ እይዝ ነበር።

እማማ ዘውዴ የሞቱት በክረምት ነው፣ ጉሙ ከአጥር እስከ አጥር ሞልቶ ለቀስተኛው እርስ በርሱ በድምፅ በሚተዋወቅበት ቀን። አስናቀች አሠሪዎቿ አልለቅ ብለዋት ለቀብር አልመጣችም። ከሠልስቱ በኋላ ለእናቴ ደወለችና፣ እያለቀሰች፣ «ሙሉ፣ ቤቱን እንዳትዘጊብኝ። እናቴ እንዳለች አድርገሽ ያዥልኝ» አለቻት። ቀጥላም «ገብሱን ግን ማን ይሰፍርልሻል፤ በገንዘብ አድርጌ በባንክ እልክልሻለሁ» አለች። በዚያ ሰሞን ሁለት ቁና ገብስ የሚያወጣውን ጠየቀችና ያንኑ ቆረጠች። እናቴ ለገበያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ አገኘሁ ብላ ደስ ብሏት ነበር።

እንዲህ ሆኖ በየቅዳሜው ጠዋት እናቴና እኔ ሰው የሌለበትን ቤት ስንከፍት ከረምን። ውጭ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ያልፋል፣ ውስጥ ግን የተዘጋ ቤት ሽታ፣ የአሮጌ ቆዳና የእርጥብ አፈር ሽታ ይጠብቀናል። እናቴ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ «እንደምን አደሩ» ትላለች፣ ለማን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ማንም ያልተኛበትን አልጋ አንስታ ታነጥፋለች፣ ማንም ያልለበሰውን ጋቢ በየወሩ ታጥባለች፣ ማንም ያልጠጣውን የጆግ ውሃ ደፍታ አዲስ ትቀዳለች። እኔ ደግሞ አቧራ እወለውላለሁ። ጋቢው ከተሰቀለበት ፊት ለፊት ያለውን መስታወት ስወለውል ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ረፋዱ ላይ አስናቀች ትደውላለች። እናቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አስናቀች ብዙ አታወራም፣ የምትፈልገው ቤቱን መስማት ነበር። «እስቲ የጓዳውን በር ክፈቺልኝ» ትላለች፣ እናቴ ትከፍታለች፣ በሩ ይንቋቋል፣ አስናቀችም ከባሕር ማዶ ሆና ታዳምጣለች። «አልጋው ላይ ቁጭ በይልኝ» ትላለች፣ ጠፍሩ ሲጢጥ ይላል። እኔ ጥግ ይዤ ሁለት አዋቂ ሴቶች ዝም ተባብለው የባዶ ቤት ድምፅ ሲሰሙ አያለሁ፣ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር።

ባዶው ጓዳ ወለል ላይ የገብስ ፍሬ ማየት የጀመርነው ጥቅምት ላይ ነው። ጎተራው ከተስካሩ ወዲህ ተጠራርጎ አልቋል፣ ቁናው ችንካሩ ላይ ተሰቅሏል፣ እናቴ በየቅዳሜው ጠርጋ ነው የምትዘጋው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንከፍት ግን ከቁናው ሥር ሰባት ስምንት ፍሬ ተዘርቶ እናገኛለን። «አይጥ ናት» ትላለች እናቴ። አይጥ ግን እህል ይዛ ትሄዳለች እንጂ ይዛ አትመጣም፣ ይህን ልጅም ብሆን አውቀው ነበር። እናቴ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ለቅማ ባዶው ጎተራ ውስጥ ትመልሳቸዋለች፤ ቤታችን ገብስ በጠፋበት ወር እንኳ አንዲት ፍሬ ይዛ አልወጣችም።

ገብስ እየጠፋ ነበርና። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ቁና የሚገዛው ደመወዝ በሁለተኛው በጋ አንድ ተኩል ገዛ፣ በሦስተኛው አንዱን እንኳ መሙላት አቃተው። እናቴ ከባንክ ወጥታ በቀጥታ ገበያ ትሄድና፣ ነጋዴዋን ዋጋ ትጠይቅና፣ እንዳልሰማ ሰው ደግማ ትጠይቃለች። ሌሎቹ ቤቶች ቅር እያላቸውም ቢሆን ትንሽ ትንሽ ጨምረውላታል፣ ፊት ለፊት ያዩዋታልና። አስናቀች ግን አታያትም። «ገንዘቡ ይበቃሻል ወይ» ብላ በጠየቀቻት ቁጥር እናቴ «ኧረ ይበቃኛል፣ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትል ነበር። አንድ ቀን አስናቀች በጨዋታ መሃል «እኔም እኮ እዚህ የምጠርገው የሰው ቤት ነው፣ ስንት ዓመቴ፣ ማን ጨመረልኝ» አለች። ከዚያ በኋላ እናቴ ጭራሽ አፏን ያዘች።

በልጉ ጠፍቶ ሐምሌ ሲገባ ነገሩ ባሰ። ጎረቤታችን እቴነሽ መካነ ኢየሱስ ከተማ የምትኖር ዘመድ ነበረቻት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሕፃን የሚይዝላት ልጅ የምትፈልግ። እቴነሽ ምላሷ ስለት ነው። አጥር ተደግፋ «የሙት ቤት እየጠረግሽ ያለችሽን ልጅ በረሃብ ልታጪያት ነው እንዴ፣ ሙሉ» ስትላት ሰማሁ።

«ምን ላርግ ብለሽ ነው» አለች እናቴ።

«ስጪያት። ቢያንስ ጠግባ ታድራለች።»

«ትምህርቷስ»

«ይህቺ አፍ የሌላት ልጅ ተምራ ዳኛ ልትሆን ነው»

እናቴ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወዲያው ተቆረጠ። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ከእንቁጣጣሽ በኋላ እንድሄድ ተስማሙ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም፣ ቢጠይቁኝም አልመልስም ነበር። ያን ሳምንት ሙሉ እናቴ ፊቴን ሳታይ ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር።

ደፍሬ መናገር ስለማልችል ሌላ መላ አሰብሁ። እኔና እናቴ ብቻ ሳንሆን አስናቀችም ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፣ እሷም በዚያ በራፍ ላይ አፏን ይዛ ነው ያደገች። ስልኩ ተከፍቶ ሳለ ጓዳ ገብቼ ገብስ ቁናው ውስጥ ባፈስ፣ እናቷ ሁለት ቁና ይሰፍሩ እንደነበር ታስታውሳለች አልሁ። እማማ ዘውዴን ማስመሰል መሆኑን ሳስብ አማተብሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን የቀረችውን ገብስ ከነከረጢቷ አንስቼ ከሹራቤ ሥር ደበቅኋት። የከረጢቷን አፍ ያሰረችው እናቴ ናት፣ ሲባጎውን በምራቋ አርጥባ ሦስት ጊዜ አዙራ፣ እንደ ልማዷ። እዚያ ስደርስ በጥርሴ እፈታዋለሁ ብዬ ነበር።

ጉሙ የዚያን ቀን ውስጥ ድረስ ገብቶ ነበር። ስልኩ ሲጮህ እናቴ ሳሎን ቀረች፣ እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግሁና ከቁናው ሥር ቁጢጥ አልሁ። ሲባጎውን በጥርሴ ያዝሁ። ቋጠሮው ንቅንቅ አልል አለኝ። ሳሎን ሁለቱ ይነጋገራሉ።

«ጋቢውን አጥበሽዋል ወይ»

«አዎ እትዬ፣ አልጋውም ተነጥፏል።»

«ዛሬ ድምፅሽ ደክሟል፣ ሙሉ። ገንዘቡ ይበቃሻል ወይ»

«ኧረ ይበ…» ብላ እናቴ ስትጀምር፣ ከራሴ በላይ ገብስ መፍሰስ ጀመረ።

ቀና አላልሁም። ጥርሴ ሲባጎው ላይ እንደተነከሰ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሲንሿሿ፣ ከዚያ ሲታፈን፣ ከዚያ ሲከመር ሰማሁ። ትንሽ አረፈ። እንደገና ተጀመረ። እናቴ ቃሏን አልጨረሰችም፣ ስልኩም ውስጥ ትንፋሽ የለም፤ ሁለቱም፣ አንዷ እዚህ፣ አንዷ ባሕር ማዶ፣ እንደተማሩት ዝም ብለው ነበር። እኔም ያለ ፈቃዴ አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ይዤ ነበር። ሁለተኛውም ሞላ፣ ቆመ።

አስናቀች «ሙሉ» አለች።

«አቤት እትዬ።»

«ስንት ሰፈረች»

«ሁለት» አለች እናቴ።

«እኔም ሁለት ነው የሰማሁት። ሁለት ቁና ገብስ አሁን ስንት ገባ»

እናቴ ነገረቻት። ስልኩ ውስጥ አፍንጫ የመሳብ ድምፅ ተሰማ። «ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ»

«አፈርሁ፣ እትዬ። እርስዎም የሰው ቤት እየጠረጉ።»

«ተይ» አለች አስናቀች። «እናቴ ሰፍራልሽ ሳለ እኔ ማን ሆኜ ነው የማጎድልብሽ። ከዛሬ ወዲያ ወር በገባ ቁጥር የሁለቱን ቁና ዋጋ ገበያ ጠይቀሽ ትነግሪኛለሽ፣ የጠሩትን እልካለሁ። የጎደለውንም ቀስ እያልሁ እሞላለሁ።»

ቀና ስል ቁናው ችንካሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ባዶ ነው። ወለሉ ላይም ምንም አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ሹራቤ ማበጡን አየችና እጇን ሰደደች፣ ከረጢቷን አወጣች። ሁሉም በአንድ ጊዜ የገባት መሰለኝ፣ ልትቆጣኝ አፏን ከፈተች። ከዚያ ቋጠሮውን አየችው። ሦስቱም ዙር እንደታሰረ ነበር፣ የጥርሴ ምልክት ብቻ አለበት። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ ዞር ብላም ጉሙ ውስጥ የጠፋውን ቤት አየች።

«ፈርተሻል» አለችኝ።

«አዎ።»

«አትፍሪ። ለእኛ ነው የሰፈሩት።»

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም። መካነ ኢየሱስ አልሄድሁም፤ እቴነሽ ለሁለት ሳምንት አኮረፈችንና በሦስተኛው ወንፊት ልትዋስ መጣች። መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል ገባሁ፣ ስምንተኛንም ጨረስሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። አስናቀች ቃሏን ጠበቀች። ጓዳው ወለል ላይም ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ፍሬ አልተገኘም፤ እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ስንከፍት መጀመሪያ የማየው ከቁናው ሥር ነበር፣ ይኑር ብዬ ይሁን አይኑር ብዬ ዛሬም አላውቅም።

አሁን እኔም እንደ አስናቀች ባሕር ማዶ የሰው ቤት እጠርጋለሁ። እናቴን ጉልበቷ ስለያዛት ብርቄ የምትባል ሴት ቤቷን ታጸዳላታለች፣ ውሃ ትቀዳላታለች፣ ደመወዟን የምልክ እኔ ነኝ። እዚህ መጥቼ ነው አንድ ነገር የገባኝ። የእኔ ደመወዝ ከመጣሁ ጀምሮ አልተጨመረም፣ ግን ወደ ብር ሲመነዘር በየዓመቱ ይበዛል፤ አስናቀችም «ማን ጨመረልኝ» ስትል አልዋሸችም፣ እጇ ላይ የሚያድገውን ግን አላየችውም ነበር። ያንን ሳላይ መቅረት እንዴት ቀላል እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ፣ እዚህ ሆነሽ ስታስቢው አገር ቤት ያለው ዋጋ ትተሽው በመጣሽበት ቀን ቆሞ ይጠብቅሻል።

ቁናውን አስናቀች ለእናቴ ሰጥታታለች፤ እቤታችን ግድግዳ ላይ ባዶውን ተሰቅሏል። ወር በገባ ቅዳሜ እደውላለሁ። ብርቄም እንደ እናቴ ዓይን አፋር ናት፣ «ይበቃኛል፣ እትዬ» ትለኛለች። ስልኩ ውስጥ የንፋስ መውጫ ንፋስ ይሰማል፣ የበር መንቋቋት ይሰማል። እኔ ግን ቤቱን አላዳምጥም። እህሉ እስኪሰፈር ሳልጠብቅ፣ «ብርቄ፣ ቁናው ስንት ገባ» እላታለሁ።