ዘይኑ አዳድና ቆሞ ያረጀው ሞተር

ዐረብ አገር፣ ደማም፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር መጥታችሁ «ዘይኑዲን የታለ?» ብትሉ ማንም አያሳያችሁም። ዘይኑ አዳድ በሉ፤ የባቃላው ባለሱቅ ሳይቀር በጣቱ ይጠቁማችኋል። አዳድ በአረብኛ ቆጣሪ ነው፤ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ መኪና የሄደበትን ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው። ስሙን ያወጣንለት የሰፈሩ ሐበሾች ነን። ይናደዳል ብለን ነበር፤ እሱ እቴ፣ ጭራሽ ኮራበት።

እኔ እታለም እባላለሁ፣ የሞጣ ልጅ ነኝ። ከሱ ጋር አንድ ካፊል፣ አንድ አሠሪ ቤት ስንሠራ ስድስት ዓመታችን ነው፤ እኔ ማድቤት፣ እሱ መሪ ላይ። ስለዚህ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ትንሽ ብጨምርበት እንኳ እሱ ስለ ራሱ ከሚጨምረው አይበልጥም።

የወሎ ሰው ነው፣ ከሐይቅ ወዲያ። ዕድሜው ወደ ሃምሳው ተጠግቷል። ጢሙን በሒና ያቀላል፤ ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፣ እኔ እንዳልነካበት። የሚነዳት መኪና ነጭ ናት፣ ሰባት ሰው ትይዛለች። ሱብሂ ሰግዶ እንደተመለሰ ያጥባታል፤ ጎማዋን ቅባት ይቀባል፤ የኤሲውን ቀዳዳ በጥርስ ብሩሽ ይፈቀፍቃል። ወላሂ የገዛ ጥርሱን እንደዚያ ሲፋቅ አላየሁትም። ከላይ ስታዩአት ሙሽራ ናት። ኮፈኗን ግን በስድስት ዓመት ውስጥ በራሱ እጅ ሲከፍት አላየሁም።

የቤቱ ጌታ፣ ባባ የምንለው፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ወደ መኪናዋ ይወጣና ቆጣሪውን በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ከዘይኑዲን በፊት የነበረው ሾፌር በሰው መኪና ታክሲ ሲሠራ ተይዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባባ ሰው አያምንም፣ የሚያምነው ቁጥር ነው። ሌላ ሾፌር ቢሆን በዚህ ይከፋው ነበር። ዘይኑዲን ግን ሐሙስ ሲደርስ ፀጉሩን አበጥሮ፣ እጁን አጣምሮ በሩ አጠገብ ይቆማል። ባባ ቁጥሩን አይቶ «ታማም፣ ልክ ነው» ያለው ቀን እራቱን በደስታ ይበላል።

ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ስንት እንደሆነ፣ ከትምህርት ቤት ሰይሃት እስካለችው የባባ ልጆች አያት ቤት ስንት እንደሆነ በቃሉ ያውቃል። ከዚያ መስመር አንድ ስንዝር አይወጣም። የታመመ ለምኖታል፣ ሻንጣ የተሸከመ ለምኖታል፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ አዳዱ ይናገራል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለን ብናማውም ደንታ አልነበረውም። እኔማ አንድ ሰሞን ሚስቱንም በመንገድ ቢያገኛት ባባ አላዘዘኝም ብሎ ያልፋታል እል ነበር።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። የባባ ሚስት ማዳም ከዐስር ሶላት በኋላ ኾበር ወርዳ ሞል ትገባለች፤ የምትወጣው ዒሻ ካለፈ ነው። ስትወጣ መኪናዋ እንደ ፍሪጅ ቀዝቅዛ ካልጠበቀቻት የዚያን ማታ ሰላም የለም። ስለዚህ ሞተር አይጠፋም፤ የማዳም ትእዛዝ ነው። በነሐሴ ሙቀት፣ ኤሲው እስከ ጥጉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ አራት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ይነድዳል። ዘይኑዲን ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ያንኮራፋል። ቆጣሪው አይነቃነቅም፤ ይህ ለሱ ትልቅ ትርፍ ነው። ሲነድ አመሸ፣ አንድ ኪሎ ሜትር አልጨመረም እያለ ይፎክርብን ነበር።

ኢንዱስትሪ ከተማው አጠገብ ካሉት ጋራዦች ባንዱ የሚሠራ ሙዐዝ የሚባል የአገሩ ልጅ አለ። ዘይት ሲቀየር መስተዋቱ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ የሚቀጥለው ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ይላል። ሌላው በአራት ወር የሚጨርሳትን አሥር ሺህ ዘይኑ አዳድ ዓመት ይገፋባታል። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ሙዐዝ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ቢሰድ የረጋ ድልህ የመሰለ ጥቁር ነገር ወጣ። ይህ ዓይነት ሞተር በዚህ የታወቀ ነው፣ ዘይቱን አብስሎ ጭቃ ያደርገዋል አለው። ሞተር የሚያረጀው በሠራበት ሰዓት ነው፣ ቆሞ የነደደውን ቆጣሪው አይጽፍልህም፣ ወረቀቱን ተውና በየሦስት ወሩ ቀይር ብሎ መከረው። ዘይኑዲን ሳቀበት። ዘይት ልትሸጥብኝ ነው፣ ወረቀቱ ያለው አሥር ሺህ ነው ብሎት ወጣ። ይህን ራሱ ነው እየሳቀ የነገረን፤ በሙዐዝ ሞኝነት እንድንስቅለት።

እሱን እንዲህ ላሳጣው እንጂ አንድ ነገር አለው፣ ሬሀና የምትባል ልጅ። ሐይቅ ያለች፣ የመጀመሪያ ልጁ፣ የታጨች። አባቴ በዓይኔ ፊት ካልተቀመጠ ኒካህ አላስርም ብላለች። ባባ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሮመዳን ነው፣ ያለ ሾፌር አንሆንም አለ፤ ለሁለተኛው የልጆቹ ፈተና ደረሰ። የወንዱ ቤተሰቦች ሦስተኛው ካለፈ ነገሩ ይቅር ብለው ላኩ። ልጅቷ የምትልክለትን ድምፅ ስልኩን ከፍቶ ለሁላችን ያሰማል። ማድቤት ስለምሰማት ይሁን እንጃ፣ እኔንም አክስቴ ትለኛለች፣ ሰላም ትለኛለች። አይቻት ሳላውቅ ወደድኳት። በመጨረሻ ባባ ፈቅዶ የደርሶ መልሱ ኹሩጅ፣ ከአገር መውጫ ፈቃዱ፣ ወጣ፤ ቲኬቱም ለእሁድ ተቆረጠ።

ማክሰኞ ዕለት፣ እኔም ልጆቹን ይዤ አብሬ ወደ ኾበር ስንወርድ፣ ሞተሩ ነከሰ። ከጥቂት ቀን በፊት ጀምሮ ማንኳኳት ይዞት ነበር፤ የኛ ሰው መፍትሔው የሬዲዮውን ድምፅ መጨመር ሆነ። አውራ ጎዳናው ላይ አንድ ጊዜ ጓ አለና ዝም። ማዳም ከነልጆቿ ፀሐይ ላይ ወረደች። ከሁሉ የገረመኝ ዘይኑዲን ኮፈኑን ለመክፈት ቢታገል ቢታገል መክፈቻው የት እንዳለ አጣው። ሲያልቅ አያምር።

መኪናዋ ተጎትታ ሙዐዝ የሚሠራበት ጋራዥ ገባች። ሞተሩ ባባ ፊት ሲፈታ ውስጡ ሬንጅ ነው። የጋራዡ አለቃ ቆጣሪውን አየና ራሱን ነቀነቀ። ቆጣሪው ሰባ ሺህ ይላል፣ ሞተሩ ግን ሦስት መቶ ሺህ የሄደ የታክሲ ሞተር ነው አለ። ሙዐዝ፣ ሞተሩ ቆሞ ስለነደደ ነው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። ባባ አላስጨረሰውም። ማዳም ሞል ውስጥ ናት፣ መኪናው ውጭ መቆሙን ማን አየ? አንተ ያገሩ ሰው ነህ፣ ኸላስ፣ በቃ አለው። የባባ ፍርድ ግልጽ ነበር። ይህ ሰው የቆጣሪውን ሽቦ እየነቀለ ስድስት ዓመት ታክሲ ሠርቶብኛል፤ ኹሩጁ ይሰረዛል፣ ቅዳሜ ፖሊስ ጣቢያ ወስጄ አስመዘግበዋለሁ።

እኔ ይህን የሰማሁት ዕቃ እያጠብኩ ነው። ስቄ ስቄ የገንዳውን ጠርዝ ያዝኩ። ለአንድ ኪሎ ሜትር ነፍሱን የሚሰጥ ሰው በኪሎ ሜትር ሌባ ተባለ! ዞር ስል ዘይኑዲን በሩ ላይ ቆሟል። ሸሚዙ አልተተኮሰም። ለሬሀና ምን ብዬ ልንገራት አለኝ። ቧንቧውን ዘጋሁ።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሐበሾቹን እየዞረ ለመነ። ሰው ጭኜ እንደማላውቅ መስክሩልኝ ነው የሚለው። ጭነኸንማ አታውቅም አሉት። ታዲያ ኑና ይህንኑ ለባባ ንገሩልኝ ሲላቸው አንዱ ሥራ አለኝ አለ፣ አንዱ ካፊሌ አይፈቅድም አለ፣ አንዱ ደግሞ አዳዱ ይመስክርልህ ብሎ በሩን ዘጋበት። እኔን አልጠየቀኝም። ለምን እንዳልጠየቀኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ባባና ማዳም ሳሎን ተቀምጠው ነበር፤ ዘይኑዲን ምንጣፉ ዳር ቆሟል። ሻይ ይዤ ገባሁ። ባባ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅህ፣ ስንት ሰው ጫንክ ይለዋል። እሱ ወላሂ ማፊ፣ ወላሂ ማንም የለም ይላል። ሠራተኛ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ይህን አውቃለሁ። ትሪውን አስቀመጥኩና ተናገርኩ።

«ባባ፣ ይህ ሰው ታክሲ አልሠራም» አልኩ። «ለኔ እንኳ አልሠራም።»

ከዚያ ነገርኳቸው። ካቻምና ነሐሴ ላይ የኩላሊት ጠጠር ይዞኝ ወለሉ ላይ ስንፈራገጥ ማዳም በስልክ ክሊኒክ ሂጂ አለችኝ። ዘይኑዲን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ሲወጣ ተከትዬ ገባሁ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ትምህርት ቤቱ በግራ ነው፣ ክሊኒኩ በቀኝ። መኪናዋን ጥግ አስያዘና ውረጂ አለኝ፤ ባባ በቀኝ እንድሄድ አላዘዘኝም። ወረድኩ። በዚያ ቀትር የሰው አጥር ተደግፌ እያስመለስኩ በእግሬ ሄድኩ፤ የክሊኒኩ በር ላይ ስደርስ ወደቅኩ። ስጀምር ላድነው ነበር፤ እየተናገርኩ ስሄድ ንዴቱ እንደ አዲስ ተነሣብኝ። ማዳም ቀኑን አስታወሰችው። ከክሊኒኩ ደውለውልኝ ነበር፣ ሠራተኛሽ በር ላይ ወድቃ አገኘናት ብለውኛል አለች። በምን እንደሄድኩ ግን እስከዚያች ዓርብ ጠይቃኝ አታውቅም።

ባባ ወደ ዘይኑዲን ዞረ። እውነቷን ነው ወይ አለው።

ዘይኑዲን ካቻምና ለሰው ሁሉ ያወራው ሌላ ነው፤ ራሷ ልውረድ ብላ ነው የወረደችው እያለ ነበር። አሁን አዎ ካለ ልጁን ይድራል፤ አዎ ካለ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በገዛ አፉ ሊመሰክር ነው። በሒና የቀላ ጢሙን በእጁ ጨበጠ።

«እውነቷን ነው» አለ። «ጥያት ሄጃለሁ። ስታስመልስ በመስተዋቱ አይቻታለሁ።»

የባባ ፊት በራ። ማሻአላህ አለ። የገዛ አገሩን ሴት ከነበሽታዋ አውርዶ የሄደ ሰው እንዴት ታክሲ ይሠራል አለ። እንዲህ ያለ ታማኝ ሾፌር በዚህ አገር አይገኝም ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ፓስፖርቱንም አስመጥቶ ሰጠው። ጥፋቱ የሞተሩ ፋብሪካ ሆነ፤ ፋብሪካው ደግሞ ሩቅ ነው፣ አይከራከር። ሞተሩን አታጥፋ ያለው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ማዳም ስልኳን ትነካካለች። እኔም እንጀራዬ ነውና ለዚያን ቀን የተናገርኩት ይበቃኛል ብዬ ትሪዬን አነሳሁ።

ስድስት ዓመት የባባን «ታማም» እንደ እራት ሲበላ የኖረ ሰው፣ ያን ሁሉ ምስጋና ተሸክሞ ሲወጣ የተቀጣ ነበር የሚመስለው። ትንሽ ቆይቶ ወደ ማድቤት መጣ። አልገባም፣ በሩ ላይ ቆመ። ያመሰግነኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ መልሱንም በሆዴ አሰናድቼ ነበር፣ ለሬሀና ብዬ ነው እንጂ ላንተማ ልለው።

«ከአደባባዩ እስከ ክሊኒኩ አንድ ኪሎ ሜትር ከስምንት መቶ ነው» አለኝ።

በምን አወቅህ አልኩት።

«አንቺ ክሊኒክ ተኝተሽ ሳለሽ በሁለተኛው ቀን ሄጄ ለካሁት። ደርሼ ተመለስኩ። ሐሙስ ባባ ፎቶ ሲያነሳ ልቤ ልትወጣ ነበር። ምንም አላለኝም፤ የጨመረውን አላየም።»

እጄ ላይ ያለውን ሳሙና ማጠብ ረሳሁ።

«ባዶዋን ነው የነዳሃት?» አልኩት።

«ባዶዋን» አለ።

ለሬሀና የገዛሁትን ሻርፕ ከሣጥኔ አውጥቼ ሰጠሁትና የማድቤቱን በር ዘጋሁ።