አባቴ በወረቀት የዳሰሱት ባቡር

አባቴ መኪና መሳፈር ከተዉ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ገና ሳይነሣ ሆዳቸው ይገለበጣል። ሞተር ጀልባም አይሻላቸውም፤ የነዳጁ ሽታ ብቻ ይበቃቸዋል። ጣና ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ባሕር ዳር እኔ ዘንድ ገቡ። ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያዩም። የተወለዱት ከሐይቁ ማዶ፣ ቆላ ድባ አጠገብ ነው፤ ታላቅ እኅታቸው አሁንም እዚያው አሉ።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ባልደረባዬ ከውጭ ሲመለስ የለስላሳ ቆርኪ የምታህል ጥቁር ክብ ነገር አመጣልኝ፤ ሱፐርኮንዳክተር ናት። በደንብ ስትቀዘቅዝ ማግኔት ላይ ትንሳፈፋለች። በዚሁ መንገድ ሐዲዱን ሳይነካ የሚሄድ ባቡር በሌላ አገር ተሞክሯል። ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ናይትሮጅን ስለሆነ ከየት እንደማመጣው ጨንቆኝ ወራት አለፉ። በመጨረሻ ከከተማው ጥግ፣ ዘንዘልማ ላይ የኮርማ ዘር በናይትሮጅን የሚያስቀምጥ የከብት አዳቃይ አገኘሁ።

“ስንት ላም አለሽ?” አለኝ።

“ላም የለኝም። ባቡር ላንሳፍፍ ነው።”

ሳቀና “ባቡሩ ሲወልድ ጥጃውን ታሳዪኛለሽ” ብሎ በያዝሁት ቴርሞስ ትንሽ ቀዳልኝ። ዕቃውን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስሁ።

ቅዳሜ ጧት ነበር። አባቴን በረንዳው ላይ አስቀመጥኋቸው። በጣውላ ላይ እንደ ሐዲድ የደረደርኋቸውን ማግኔቶች በካርቶን ሸፈንሁ፣ ጥቁሯን ክብ በትንሽ የፎም ሳህን አድርጌ ከላይ አኖርሁ፣ ናይትሮጅኑንም አፈሰስሁ። ተንጫጫ፤ ነጭ ጉም ከጣውላው ጠርዝ ወርዶ በአባቴ እግር ሥር አለፈ። ከበረንዳው ፊት ያለው ሐይቅም ገና ጉሙን አልገፈፈም ነበርና፣ የትኛው የማን እንደሆነ ለጊዜው ጠፋኝ።

“ባለ ከፍተኛ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር ይሏታል” አልሁ። “ሌሎቹ ከዚህም የባሰ ብርድ ስለሚፈልጉ ነው።”

“ይህን ሙቅ ካሉ፣ ቀዝቃዛው ምን ሊሆን ነው?”

ካርቶኑን ሳብሁት። ሳህኑ አልወረደም። በጣቴ ነካ ባደርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ድምፅ ሄደ።

“ሄደ፣ አባባ።”

“አልሰማሁም።”

“ድምፅ የለውም።”

አንድ ወረቀት ሰጥቼ እጃቸውን መራሁ። ወረቀቱን በሳህኑና በማግኔቱ መካከል ቀስ አድርገው አስገቡ፤ በወዲያ በኩል ወጣላቸው። እንደገና አስገቡ። በሦስተኛው ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ።

“ምንም የለም” አሉ፣ በሹክሹክታ። “ባዶ ነው።”

ከዚያ በሐሳብ ተሳፈሩ። ባቡሩን በሐይቁ ዳር አስነሥተው፣ በወረታ አሳልፈው፣ ማክሰኝት ላይ አቆሙት። ሣሩ ሳይተኛ፣ ወፉ ሳይደነግጥ ሲያልፍ ነገሩኝ። እኔም አብሬያቸው ሄድሁ። ናይትሮጅኑ ተንኖ ሳህኑ ማግኔቶቹ ላይ ሲያርፍ ሁለታችንም ልብ አላልንም።

ቆይተው “ይህ ባቡር ለእኔ ይደርስልኛል?” አሉ።

ልዋሻቸው አልቻልሁም። “አይመስለኝም፣ አባባ።”

“እንግዲያስ እኅቴ ዘንድ በሚኒባሱ ውሰጂኝ።”

በሳምንቱ ሄድን። ወረታ ሳንደርስ አስታወካቸው፤ ማክሰኝት ላይ መኪናው ሲቆም ወርደን ሎሚ አስሸተትኋቸው። “እንመለስ?” ብላቸው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዘዞ ላይ ሌላ መኪና ይዘን ቆላ ድባ ስንገባ ገበያ ነበር። አባቴ ከእህል በረንዳው ፊት ቆመው የሽንብራውን አቧራ በረጅሙ ሳቡ።

እኅታቸው በራፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። እሳቸውም ዓይናቸው ደክሟል።

“ማነው?” አሉ።

አባቴ ጎንበስ ብለው የእኅታቸውን ጉልበት ሳሙ። አክስቴም የአባቴን ራስ በሁለት እጃቸው ዳሰሱና፣ “ምነው እንዲህ ከሳህ?” አሏቸው።