የጾም ሰንስክሪን

እህቴ ዓለም ገና ከተማ፣ አስፋልት ዳር፣ ድንችና ቲማቲም ትሸጣለች። ክረምቱ እንዳለፈ ጉንጮቿ ቀሉ፣ ጣቶቿ አበጡ። አጠገቧ የሚሸጡት ሴቶች ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሽተው ሰጧት። አዲስ አበባ የመረመራት ሐኪም ግን ሉፐስ ነው አለ። ሰውነት ራሱን የሚዋጋበት በሽታ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ፀሐይ ግን ይቀሰቅሰዋል። ከሚዋጠው መድኃኒት ጋር ሰንስክሪን፣ ፀሐይ የሚከላከል ክሬም፣ አዘዘላት፤ ጠዋት ፊትና አንገት ላይ በደንብ፣ ቀትር ላይ እንደገና።

ለገበያው አልተናገረችም። "ፊቷ የተላላጠ ሴት የነካችውን ቲማቲም ማን ይገዛል?" አለችኝ። ምች ነው ያሉትን ምች ነው ብላ ተወችው።

ክሬሙ ረዳት። እብጠቱ ቀነሰ፣ ሳጥን ማንሳት ጀመረች። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ግን ቱቦውን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"እስቲ አንብብልኝ። ምን ምን አለበት?"

አነበብኩላት። ከመሃል ከበግ ሱፍ የሚወጣ ቅባት ነበረ።

"የበግ?"

"ከሱፉ ነው፣ እትዬ። ደግሞ ይቀባል እንጂ አይበላም።"

"ላቤ ወደ አፌ አይወርድም? እስከ ፋሲካ ይቆይ።"

ቱቦው ቁም ሳጥን ገባ። ሁዳዴ ደግሞ የሚውለው ሰማዩ ደመና በማያውቅበት ወቅት ነው። ጾሙ ብዙም ሳይገፋ ጣቶቿ እንደገና አበጡ፤ ገንዘብ ስትመልስ ሳንቲም ከእጇ ይወድቅ ጀመር። ልከራከራት አልሞከርኩም። በጾም ጉዳይ ተከራክሯት ያሸነፈ ሰው አላውቅም። ከእንስሳ ምንም ያልገባበት ክሬም መፈለግ ይቀል ነበር።

ለጋዜጠኝነት ሥራዬ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች መካከል ስለምመላለስ በየደረስኩበት ጠየቅኩ። ሰበታ የገባሁባቸው መድኃኒት ቤቶች ያላቸው ያንኑ የበጉን ነው። ሱሉልታ አንዲት ፋርማሲስት ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ፣ "በዚህ ብርድ ሰንስክሪን ማን ይጠይቀናል?" አለችኝ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ባንኮኒውን ያግለው ነበር።

የተገኘው ቡራዩ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ካለ የኮስሞቲክስ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ከሶላት ተመልሶ በሩን እየከፈተ ነበር።

"ለሚስትህ ነው?"

"ለእህቴ። ወተትም፣ ሞራም፣ ከእንስሳ የመጣ ምንም ነገር የሌለበት እፈልጋለሁ።"

"አትድከም፣ ገባኝ። የጾም በለኝ።" ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረደ። "ቪጋን ይላል፣ ይኸው። የንብ ሰም እንኳ የለውም። እናንተ በጾም ማር ትልሳላችሁ አይደል? ይሄ ማርም አያውቅም። ከእናንተ ይብሳል!"

ዝርዝሩን አነበብኩ፤ እውነቱን ነበር። ማብቂያ ጊዜውንም አየሁ፤ ገና ነው። ከቪጋን ቀጥሎ "ቶን አፕ" የሚል ተጽፏል። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ፊት ፈካ ያደርጋል። ሴቶች ይወዱታል።"

እጄ ላይ ጠብ አድርጎልኝ ወደ በሩ ብርሃን ወጣሁ። ወደ ሮዝ የሚያደላ ነጭ ነው። ሳሸው ሳሳ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም።

"ቀለም የሌለውስ?"

"እሱ አልቋል። ጾም ሲገባ ቀድመውህ ወሰዱት።"

ገዛሁት።

በማግስቱ በማለዳ እህቴ ቤት ደረስኩ። ሐኪሙ ባሳያት መጠን፣ ሁለት ጣት ሙሉ አውጥታ ተቀባች። እህቴ ጠይም ናት። መስታወቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ኖራ የተቀባ ግድግዳ መሰልኩ እኮ!"

"ካሳነስሽው አይከላከልም።"

"እሱን አውቃለሁ። በሁዳዴ ተኳኩላ ወጣች ሲሉኝስ?"

በዚህ በኩል አላሰብኩትም። ቅባቱን ከጾሙ አንጻር ብቻ ነበር የመረመርኩት። ጿሚ ሴት በእነዚያ ሳምንታት ኩልም አትኳልም፤ ነጠላዋን ተከናንባ ነው የምትወጣው። ክሬሙ በውስጡ ያለው የጾም ነው፣ ፊት ላይ ሲታይ የሠርግ።

ያም ሆኖ ተቀብታ ወጣች። የቲማቲሙን ሳጥን ተሸክሜ ተከተልኳት።

ከእሷ ቀጥሎ፣ የሱቅ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሁሉም "አዴ" የሚሏቸው ትልቅ ሴት ሽንኩርት ይሸጣሉ። ቦታው የቆየ ቦታቸው ነው፤ ያን ጥላ የሚደፍር ሻጭ የለም። እህቴ ፀሐዩ ላይ ነው የምትቀመጠው። ከሩቅ አዩዋት።

"አከም ጂርታ፣ ሙሽሪት! በሁዳዴ የሚያጋባሽ ቄስ ከየት አገኘሽ?"

ከወዲያ ጎመን የምትሸጠው ወጣት ተቀበለች። "ኧረ ወፍጮ ቤት አድራ ነው!"

አንድ የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር አንገቱን አውጥቶ ሳቀ። እህቴ የነጠላዋን ጫፍ አንስታ ጉንጯ ላይ አደረገች። ብትጠርገው ቀኑን በባዶ ፊት ልትውል ነው፤ እስከ ፋሲካም አትነካውም። እጇ እዚያው ቆመ፤ ከዚያ ነጠላውን ለቀቀችው።

"አዴ፣ ምች አይደለም ያመመኝ" አለች። "ምችም ሆኖ አያውቅም። ይሄ ሐኪም ያዘዘልኝ ነው። ፀሐይ ሲያገኘኝ እጄ ያብጣል፤ ድንች ማንሳት ያቅተኛል።" ጣቶቿን ዘርግታ አሳየቻቸው።

ሳቁ ቆመ። ጎመን ሻጯ ጎመኗን ማስተካከል ጀመረች።

"ይጋባል?" አሉ አዴ።

"አይጋባም።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ጋዜጠኛው፣ እውነቷን ነው?"

"እውነቷን ነው፣ እማማ። ሐኪሙ ሲናገር ነበርኩ።"

አዴ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና የሽንኩርቱን ጆንያ እየጎተቱ ወደ ፀሐዩ አወጡ።

"ተነሺ፣ ወደ ጥላው ግቢ።"

"አዴ፣ እርስዎ እንዴት..."

"ግቢ አልኩሽ! እኔን ፀሐይ ስንት ዘመን ጠብሶኝ አሁን ምን ሊጨምር? ደግሞ ነጭ ሆነሽ ከሩቅ ትታያለሽ፤ ደንበኛ ትጠሪልናለሽ።"

ወሬው ወዲያው ገበያውን አዳረሰው። አንዲት የቆየች ደንበኛ ቲማቲሙን አንስታ፣ የእህቴን ፊት አይታ፣ መልሳ አስቀመጠችውና ወደ ታች ሄደች። እህቴ አየቻት። ሌሎች ገዙ።

ቀትር ላይ ቱቦውን ከጉያዋ አወጣች። መስታወት አልነበራትም፤ በሰው ፊት ተቀብታም አታውቅም። እየዳበሰች ግንባሯን፣ ጉንጮቿን፣ አንገቷን ቀባች። አዴ ከፀሐዩ ላይ ሆነው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ያዩዋት ነበር።

"ጆሮሽ ሥር ቀርቷል" አሏት። "በግራ።"